አንዲት «ህ»

በስፌት ቤቱ በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ሁሉም «ሙሽራው» ነው የሚለው። ጨርቅ ቆራጭ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ «እጮኛ አለችኝ» እያለ ሠርጉን ከዛሬ ነገ የሚገፋ ሰው ሌላ ምን ሊባል ነው? በየቀኑ ከመቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ በስልክ «ምሳ በላሽ? ደህና ዋልሽ?» ሲል የማይሰማው አልነበረም። ስልኩ ላይ ያስቀመጣትም «እጮኛዬ» ብሎ ነው።

እጮኛው ወንድ ነበር። ከገበያው ማዶ ባለው ትምህርት ቤት ቋንቋ የሚያስተምር፣ ቀጭን፣ ሳቂታ ሰው።

የሁለቱን ነፍስ ያቆየችው ይህችው የሴት «ሽ» ናት። እሁድ እሁድ አስተማሪው ቤት ሲገናኙ ቆራጩ ልማድ ሆኖበት «ሻይ ልቅዳልሽ?» ይለዋል፤ አስተማሪው በሳቅ ፍርስ ይላል። «አንተ ሰዋስው ገዳይ! ተማሪዬ ብትሆን ዜሮ ነበር የምሰጥህ!» ቆራጩም አብሮ ይስቃል። የሚያስቅ ነገር ግን አልነበረውም። የሚወዱትን ሰው «አንተ» ለማለት እሁድን መጠበቅ ምኑ ያስቃል?

በዚያ ሰሞን ወንድ ለወንድ በሚዋደዱ ሰዎች ላይ አዲስ ሕግ ሊወጣ ነው ተብሎ ከተማው ታመሰ። ሕጉን ለሚደግፈው ሰልፍ «ከመካከላችን ይጽዱ» የሚል ትልቅ ባነር ለስፌት ቤቱ ታዘዘ። ጨርቁን የሚቆርጠው ማን ይሆን? ሙሽራው ነዋ! ከአፉ ወሬ የማይጠፋው ሰፊ፣ ራዲዮ የሚሉት፣ «እኔ እጅ ላይ በወደቁ!» እያለ መኪናውን ያንጣጣዋል። ሙሽራውም «እውነትህን ነው» ይላል። ዝም ያለ ይጠረጠራላ።

ረፋዱ ላይ ስልኩ ጮኸ።

«አከራዬ ለሰፈሩ ነገረብኝ» አለ አስተማሪው። «በሩ ላይ ናቸው። ከውስጥ ቆልፌያለሁ።»

«አይዞህ!» አለ ቆራጩ። «አይዞህ፣ እንዳትከፍት፣ መጣሁልህ!»

ከአፍ የወጣ አፋፍ። የሦስት ዓመት «ሽ» በአንዲት «ህ» ተናደች። የስፌት መኪኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ።

የስፌት ቤቱ ባለቤት እትዬ ተነሥተው መጡ፤ ስልኩን ከእጁ ወስደው አዩት።

«እጮኛዬ ይላል» አሉ። «እጮኛ ከመቼ ወዲህ ነው አይዞህ የሚባለው?»

ራዲዮ ወንበሩን ወደ ቆራጩ አዞረ።

«ወንድሟ ነው!» አለ ሙሽራው ጮክ ብሎ። «በእሷ ስልክ የደወለው ወንድሟ ነው፣ እትዬ!»

እትዬ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈቱት። «አንተ፣ ማን ነህ?»

ከስልኩ ውስጥ በር ሲደበደብ ተሰማ። ቆራጩ እጁን ቢዘረጋ ስልኩን ይቀማ ነበር፤ መውጫውም ቢበዛ ሦስት እርምጃ ነው። አልተነቃነቀም።

«ወንድሟ ነኝ» አለ አስተማሪው፤ ተማሪ ፊት እንደቆመ ሁሉ ቃሉን አንድ በአንድ እየለየ። «እህቴን ትንሽ አሟት ነበር። አሁን ደህና ናት። እንዳይመጣ ይንገሩልኝ።»

እንጨት ሲሰነጠቅ ተሰማና መስመሩ ተቋረጠ።

«ምንድነው እሱ ጩኸት?» አሉ እትዬ።

«ቤት እያሳደሱ ነው» አለ ሙሽራው።

ራዲዮ ሳቁን ለቀቀው። «ወይ አንተ! እኛ እኮ ምን ምን አስበን ነበር!» እትዬም ስልኩን መለሱለት፤ «በል ሥራህን ያዝ፤ ባነሩ ለነገ ነው» አሉት። ሙሽራው መቀሱን አነሣ። ጨርቁን ከዳር እስከ ዳር ቀጥ አድርጎ ቆረጠው፤ እጁ አንዴም አልተንቀጠቀጠም። ኋላ ራሱን አብዝቶ የጠላው በዚህ በእጁ ነው።

በማግስቱ ራዲዮ ትኩስ ወሬ ይዞ ገባ። ከገበያው ማዶ አንድ አስተማሪ ከነዚያ ሰዎች አንዱ ሆኖ ተገኝቶ፣ ሰፈርተኛው ቀጥቅጦ ገድሎታል። አስከሬኑን እንኳ የኔ ነው የሚል ዘመድ ጠፍቷል። አውርቶ ሲጨርስ ትዝ አለውና ዞረ።

«እኔ የምለው ሙሽራው፣ ልጅቷስ? ተሻላት?»

ቆራጩ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ደህና ናት» አለ። አልተሳሳተም፤ «ናት» ነው ያለው።