የቅዳሜው ጆንያ

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗ ደክሞ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ሲያቅታት የቀረቻት ከቤቷ ጀርባ ያለችው ቁራጭ መሬት ብቻ ነበረች። እሷም መሬት ከተባለች! በጋ ጡብ፣ ክረምት ማጥ። ማዳበሪያ ትግዛ ቢባል በምን አቅሟ? ስለዚህ ሰው የጣለውን ለቀመች፤ ከአናጺው ሰጋቱራ፣ ከአትክልት ሻጮች ልጣጭ፣ ከመንገድ ዳር የረገፈ ቅጠል፤ ኮምፖስት እንዲሆንላት ጓሮዋ ከመረችው። ጎረቤት ሳቀባት። ይሳቅ!

ከሁሉ የሚበልጥባት ግን ታናሽ ወንድሟ ነው። የሆቴል አትክልተኛ ነውና ያጨደውን ሳር በየቅዳሜው በጆንያ እያመጣ ደጇ ያራግፍላታል። «እትዬ፣ አንቺን መቼ እረሳለሁ?» ሲላት አንጀቷ ቅቤ ይጠጣል። በሳሩ ክምሩ ይግላል፣ ይበሰብሳል፣ ጠቁሮ ይፈረፈራል። በሦስተኛው ዓመት አፈሯ በጣት የሚቆፈር ሆነ፤ ቲማቲም እየሸጠች ቤቷን ቀጥ አድርጋ ያዘች።

ዘንድሮ ግን የቲማቲሙ ቅጠል እየተጠቀለለ ተኮማተረ። ውሃ አብዝቼ ይሆን፣ አሳንሼ ይሆን እያለች ራሷን ስትወቅስ ከረመች። ኮምፖስት ጨመረችለት፤ ጭራሽ ባሰበት። ወንድሟንማ ማን ይጠረጥራል?

አንድ ጠዋት ለውለታው ብላ፣ ከኮምፖስቷ ምርጡን በጆንያ አዝላ ቤቱ ሄደች። የጎመኑ ቅጠል ትሪ ያክላል። የጆንያውን አፍ ፈትታ ጎመኑ ሥር ልታፈስለት ስትል ከበረንዳው ዘሎ ክንዷን ለቀም አደረጋት።

«ተይ እትዬ! ጎመኔን ልትፈጂው ነው?»

የጆንያውን አፍ እንደያዘች ዞረችበት። «ምን አልክ?»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ሳሩ ላይ... የአረም መድኃኒት እንረጫለን። ሳሩን አይነካም፤ ሌላውን ነው የሚያቃጥለው። ቢበሰብስም ቶሎ አይለቅም።»

«ይህንን ካወቅክ ስንት ጊዜህ ነው?»

«ካምና ጀምሮ።» አንገቱን ደፋ። «ቆሻሻ መጣያው ሩቅ ነው። አንቺም ሳሩን ስታይ እንዲያ ደስ እያለሽ፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

«አፈሬስ መቼ ነው የሚድነው?»

«ሁለት ዓመት... ሦስትም ሊሆን ይችላል።»

ሁለት ዓመት ምን ልትበላ ነው? ግን ያንገበገባት ረሃቡ አልነበረም። ካምና ጀምሮ በየቅዳሜው ያንን መርዝ ደጇ ሲያራግፍ «ተባረክልኝ፣ የእናቴ ልጅ» ትለው ነበር። እሱም አሜን ይል ነበር።

የጆንያውን አፍ መልሳ አሰረች። «ለጎመንህ ዘለህ ደረስክለት» አለችው።

«ስጪኝ፣ እትዬ፣ እኔ ላድርስልሽ።»

«እስካሁን ያደረስክልኝ ይበቃኛል» አለችና ጆንያዋን አዝላ ወጣች።