ፈገግታ የሌለው ድንበር

አዴ ጂቱ ከሪራ ያስመጡትን ማር ይዘው ከጎባ ሮቤ ድረስ የመጡት ጫሊን ሊያመሰግኑ ነበር። መምህሩ ጫሊ ደቡብ አሜሪካን በአውቶቡስ አቋርጦ ሲመለስ፣ «ድንበር የሚያስፈራው ፈሪን ብቻ ነው፤ እኔ ሁሉንም በፈገግታ አልፌዋለሁ» ብሎ ፌስቡክ ላይ ጽፎ ነበር። ልጃቸው ባዳሳ ያንን አንብቦ ነው መንገድ የጀመረው።

ማሩ ሳይከፈት ባዳሳ ደወለ። አዴ ጂቱ ጫሊ አጠገባቸው እንዳለ ነግረውት፣ እሱም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«አካም ጅርታ፣ ጫሊ! ብራዚልን ጨርሼ ቦሊቪያ ድንበር ላይ ነኝ። እንዳልከው ፈገግ አልኩላቸው፤ ከአውቶቡስ አወረዱኝ። ደግሜ ፈገግ ስል ፓስፖርቴን ቀሙኝ። ያንተ ፈገግታ ምን ዓይነት ነበር?»

ጫሊ መሳቅ አልቻለም። «እኔ ቪዛ ነበረኝ፣ ባዳሳ። ለስብሰባ የጋበዙኝ ሰዎች ናቸው ያስጨረሱልኝ።»



«ታዲያ ይህን ለምን አልጻፍከውም?» አሉ አዴ ጂቱ።

በክርክር ማንም የማይረታው ጫሊ፣ ደፋር መስሎ መታየት አምሮት እንደነበር ሳይናገር ማሩን ወደ አዴ ጂቱ ገፋ አደረገው።

አዴ ጂቱ ማሩን መልሰው አልወሰዱትም። «ብላው፤ መንገድ ላሳየ ሰው የመጣ ነው» ብለው ተነሡ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው ሲወጡ፣ «ከእንግዲህ አትሳቅላቸው፣ ልጄ» ሲሉ ጫሊ ሰማቸው።