ወፏ ያየችው

«እኔ ሰው አምናለሁ» የሚለኝን ሰው ወዲያው እጠረጥረዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ የሥራዬ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ደባርቅ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ተክዬ፣ ጠረጴዛ ዘርግቼ፣ ለሰው ክስና ማመልከቻ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ጠዋት አንዱ መጥቶ ወንድሜ መሬቴን ገፋኝ ብሎ እያለቀሰ ያጽፈኛል። ከሰዓት በኋላ ወንድምየው እዚያው በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ፣ እሱም እያለቀሰ መልሱን ያጽፈኛል። ሁለቱም በማርያም ይምላሉ። እንዲህ ስትውል የኖረች ሴት ማንን ትመን?

በለጠች እባላለሁ። ሰው ራፖር ጸሐፊ ይለኛል፤ ጠበቆች ከዚያም ዝቅ ያደርጉኛል። አንዱ ጠበቃ የጻፍኩትን ክስ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ባለጉዳዩን «ይኼን የጻፈችልህ ሴትዮ ሕግ የት ተማረች?» ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የዚያን ዕለት ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሕግ መማር። ጎንደር ለሠራተኞች ቅዳሜና እሁድ የሚሰጥ ትምህርት አለ። የሚገባው ግን የመግቢያ ፈተና ያለፈ ብቻ ነው፤ ቦታው ጥቂት፣ ተፈታኙ ብዙ ነው። ዕድሜዬም ሠላሳ ዘጠኝ ደርሷል። ዘንድሮ ካልሆነ ለከርሞ የምለው ጊዜ የለኝም።

ሰባት ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሽ ማንያዘዋል ሳሎን እናጠና ነበር። ጋሽ ማንያዘዋል ድሮ የማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩ፣ አሁን ቤታቸው የሚውሉ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው አይፈተኑም፤ ስለ ሕግ ሲወራ መስማት ስለሚወዱ ብቻ ቤታቸውን ፈቀዱልን። ከሰባታችን ሁለቱ ፖሊሶች፣ አንዷ ነርስ፣ አንዱ የግብርና ባለሙያ ናቸው። የቀረነው እኔ፣ ቴዎፍሎስና ባንቻየሁ ነን።

ቴዎፍሎስ የአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ተጫዋች፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ። ባንቻየሁ አስተማሪ ናት። የጃናሞራ ልጅ ናት፤ ከሳንቃ በር ማዶ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ስታስተምር ቆይታ አምና ነው ወደ ደባርቅ የተዛወረችው። ዝምተኛ ናት። እኔ ደግሞ ዝምተኛ አልወድም። የሚናገር ሰው ቢዋሽ እንኳ ውሸቱ ይያዝበታል፤ ዝምተኛ ግን በምን ይያዛል? ደግሞ ጎበዝ ነበረች። «ከተሰጠው ሐሳብ የሚከተለው የቱ ነው?» የሚሉትን ጥያቄዎች እኔ ሦስቴ አንብቤ ስሳሳት፣ እሷ አንዴ አይታ ትመልሳለች።

የምናጠናበት ነገር ማግኘት ከፈተናው ይብሳል። የእኛ ሰፈር ኢንተርኔት አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን ይጠፋል። ስለዚህ ቴዎፍሎስ ጎንደር ካለ የአጎቱ ልጅ ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች የተጠረዙበትን ወረቀት ይዞ ሲመጣ እልል ነው ያልነው። ያው እኔ አላረፍኩም። «ኮፒ ከተደረገ ነገ አገሩ ሁሉ እጅ ይገባል፤ ከዚህ ቤት አይውጣ» አልኩ። ሁሉም ተስማማ። ጥራዙ ሳሎኑ ጥግ ባለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ እንዲቀመጥ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እንድናነበው ተባለ። ሰባት የነገ ሕግ አዋቂዎች መተማመን አቅቶን ወረቀት በሣጥን አሰርን።

ለፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሣጥኑ ሲከፈት ጥራዙ የለም።

ሣጥኑ ተገለበጠ፣ ምንጣፉ ተነሣ፣ የለም። ከፖሊሶቹ አንዱ ቦርሳችን ይፈተሽ አለ። ጋሽ ማንያዘዋል ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«በእኔ ቤት እንግዳ አይበረበርም። አባቶቻችን ባወጡት ወግ እናወጣዋለን። አውጫጭኝ እንቀመጣለን።»

አውጫጭኝ ማለት በሬ ሲጠፋ፣ ጎተራ ሲዘረፍ፣ አገሬው ተሰብስቦ ሌባውን የሚያወጣበት ወግ ነው። እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ወደ ሽማግሌው ይገባል፣ ይምላል፣ ያየውን ይናገራል። የተናገረው ሰው ስሙ አይነሣም፤ ወፍ ነው የሚባለው። ወፏ ማን እንደሆነች ሽማግሌው ይዞት ይሞታል እንጂ አይናገርም። እኛ ደግሞ ባለፈው ቅዳሜ «ተከሳሽ የቀረበበትን ምስክር የመጠየቅ መብት አለው» የሚለውን ስንሸመድድ የዋልን ሰዎች ነን። አንዳችንም ትንፍሽ አላልንም። እኔማ እንዲያውም ቶሎ ተራዬ በደረሰ እያልኩ ነበር።

ጓዳ ገባሁ። ጋሽ ማንያዘዋል የጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል።

«ያየሁትን ብደብቅ፣ ያላየሁትን ብጨምር፣ ያሰብኩት አይሙላልኝ በዪ» አሉኝ።

ማልኩ።

«በይ እንግዲህ ልጄ፣ ምን አየሽ?»

ምን አየሁ? ባለፈው ቅዳሜ ስንወጣ ባንቻየሁ ከሣጥኑ አጠገብ ጀርባዋን ሰጥታን ቆማ፣ የታጠፈ ነጭ ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ዚፑን ቶሎ ስትዘጋ አይቻለሁ። ያየሁት ይኼን ነው። ሌላውን ሳምንቱን ሙሉ ራሴ ስጨምርበት ከርሜያለሁ።

«ባንቻየሁ ከሣጥኑ ዘንድ ቆማ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት አይቻለሁ» አልኩ።

«ምን ስትከት? ወረቀት ነው ወይስ ያንን ጥራዝ? ልብ ብለሽ ተናገሪ። አየሁና መሰለኝ አንድ አይዶለም።»

አሁን ሳስበው ያ ጥያቄ የመጨረሻ መውጫዬ ነበር። ሽማግሌው በር ከፍተውልኛል። «መሰለኝ» ብል በቃ ነበር።

«ጥራዙን ነው። በዓይኔ አይቻለሁ» አልኳቸው።

ሁሉም ገብቶ ከወጣ በኋላ ጋሽ ማንያዘዋል ሳሎን መጥተው ቆሙ። «ወፍ ተናግራለች። ባንቻየሁ ልጄ፣ የተናገረችው ባንቺ ላይ ነው» አሉ።

ባንቻየሁ መጀመሪያ የሰማች አልመሰለችም። ከዚያ ተነሣች። «ማናት?»

«ወፍ ናት።»

«ፊቴ ትቁምና ትንገረኝ!»

«ወፍ አትጠየቅም፤ ወጉ ነው። ንጹሕ ከሆንሽ ጊዜ ያወጣዋል።»

ቦርሳዋን ዚፑን ከፍታ መሬት ላይ ገለበጠችው። እስክሪብቶ፣ ጠመኔ፣ ነጠላ፣ የተማሪዎች ውጤት የተጻፈባቸው የታጠፉ ነጭ ወረቀቶች ተበተኑ። እኔ ጎንበስ ብዬ መልቀም ጀመርኩ። ሰው ሩኅሩኅ መስዬው ይሆናል፤ እኔ ግን ጥራዙን እየፈለግኩ ነበር። አልነበረም። የታጠፉት ወረቀቶች ደግሞ ያን ዕለት ያየኋቸውን ይመስላሉ። ወዲያው ግን «ከሳምንት በፊት የሰረቀችውን ዛሬ ይዛ ትመጣለች እንዴ?» ብዬ ራሴን አረጋጋሁ። እኔ ራሴን ለማሳመን ብዙ ምስክር አያስፈልገኝም።

ነገሩ እዚያ አላበቃም። ለፈተናው ለመመዝገብ ከቀበሌ የመልካም ሥነ ምግባር ደብዳቤ ይጠየቃል። ቀበሌው ደብዳቤውን የሚሰጠው ሰፈሩን የሚያውቅ ሽማግሌ ሲፈርም ነው፤ በእኛ ሰፈር ያ ሽማግሌ ጋሽ ማንያዘዋል ናቸው። ለስድስታችን ፈረሙልን። ለባንቻየሁ ግን «ወፍ የተናገረችበትን ሰው ደህና ነው ብዬ አልፈርምም፤ እኔም ነፍስ አለኝ» አሏት። ምዝገባው የሚያበቃው በቀጣዩ ሳምንት ዓርብ ነው።

ደስ አለኝ። ይኼን አልሸሽግም። ከእኔ የምትበልጥ አንዲት ተፈታኝ ቀነሰች፤ አንድ ወንበር ወደ እኔ ቀረበ ብዬ አሰብኩ። ደብዳቤዬን ቀበሌ ማኅተም አስመትቼ በላስቲክ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ያዝኩት፤ ዓርብ ጠዋት ጎንደር ወርጄ ልመዘገብ።

ማክሰኞ ዳባት ያሉ አንድ ሽማግሌ የውርስ ክፍፍል ጻፊልኝ ብለው ስላስጠሩኝ በሚኒባስ ሄድኩ። ጽፌ ጨረስኩና ለልጆቻቸው ለማባዛት መንገድ ዳር ካለች ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ሊድያ የምትባል ልጅ ነች የምትሠራው። ማሽኑ እስኪሞቅ ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን ወረቀት አይቼ አንዱን አነሣሁ።

የእኛ ጥራዝ ነው። አሥራ አምስት ቅጂ ይሆናል፣ እያንዳንዱ በስቴፕለር የተመታ። ሦስተኛው ገጽ ጠርዝ ላይ የእኔው የእጅ ጽሑፍ አለ፤ ተራ ቁጥር አሥራ ሰባትን ተሳስቼ ያከበብኩትም አብሮ ኮፒ ሆኗል።

«ይኼን ማን አመጣው?»

«ቴዎፍሎስ የሚባል የደባርቅ ልጅ። ተፈታኞች እየመጡ ይገዙታል። ጥሩ ነው፣ ልስጥሽ?»

«መቼ አመጣው?»

«እ... ዓርብ ነው መሰለኝ። አዎ፣ ያለፈው ዓርብ ነው፤ መብራት ጠፍቶብን ዋናውን እዚሁ ጥሎት ሄደ።»

ዓርብ፣ ጥራዙ ጠፋ ከተባለበት ቅዳሜ በፊት ያለው ዓርብ። ባንቻየሁ ሣጥኑ ዘንድ ከቆመችበት ቀን በኋላ። ሁሉን ስጠረጥር ቴዎፍሎስን አንዴም ያልጠረጠርኩት ራሱ ስላመጣው ነው፤ የራሱን ዕቃ ማን ይሰርቃል ብዬ። ፈተናው ላይ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ቢመጣ እንደምወድቅ ዳባት ላይ ቆሜ ገባኝ።

ስመለስ ጉም መንገዱን ሸፍኖት ሚኒባሱ ቀስ እያለ ነበር። እኔ ግን ለራሴ የመከላከያ መልስ እያረቀቅኩ ነበር። ቴዎፍሎስን ባጋልጥ ጋሽ ማንያዘዋል «ታዲያ አንቺ ያየሽው ምንድን ነው?» ይሉኛል። ዝም ብል ደግሞ የሚጠይቀኝ የለም፤ ወፍ አትጠየቅም። ረቡዕን ዝም ብዬ ዋልኩ። ቴዎፍሎስ በጠረጴዛዬ በኩል ሲያልፍ «ጥናቱ እንዴት ነው?» አለኝ። «ደህና» አልኩት። ሁለታችንም ፈገግ አልን፤ ያን ፈገግታ ሳስታውስ እስካሁን ያመኛል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ባንቻየሁ መጥታ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል።

«እቴ በለጡ፣ ክስ ጻፊልኝ።»

«በማን ላይ?»

«በወፏ ላይ። ስሜን አጥፍታለች። ነገ ምዝገባው ያበቃል፤ ደብዳቤዬ አልተፈረመልኝም። ተማሪዎቼ እንኳ ሰምተዋል።»

«ተከሳሽ ስም ከሌለው መዝገብ አይከፈትም።»

«አውቃለሁ። ጋሽ ማንያዘዋል ስሟን እንዲያወጡ ፍርድ ቤቱ ይዘዝልኝ ብለሽ ጻፊልኝ። ሌላ ጸሐፊ ዘንድ መሄድ እችል ነበር። ግን ከዚያ ሳሎን ውስጥ የማምነው አንቺን ነው። ያን ዕለት ዕቃዬን ከመሬት ያነሣሽልኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ይኼን ስትል መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ስንቱ ሐሰተኛ እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ዛሬ ሐሰተኛዋ ከጠረጴዛው ወዲህ ያለሁት እኔ ነኝ።

ወረቀት አወጣሁ። ከሳሽ ብዬ ስሟን ጻፍኩ። ተከሳሽ ብዬ ቆምኩ። ከዚያ ጻፍኩት፤ ሳላርፍ እስከ መጨረሻው ጻፍኩት። ማንበብ ለሚችልም ለማይችልም የጻፍኩትን ማንበብ ልማዴ ነው፤ ለእሷም አነበብኩላት።

«ከሳሽ፣ መምህርት ባንቻየሁ ደርቤ። ተከሳሽ፣ ወይዘሮ በለጠች ገሠሠ...»

«ተሳስተሻል» አለችኝ። «የጸሐፊዋ ስም ከታች ነው የሚሆነው።»

«አልተሳሳትኩም» አልኩና ማንበቤን ቀጠልኩ። ተከሳሽ ነጭ ወረቀት ብቻ አይታ ሳለ ጥራዙን በዓይኔ አይቻለሁ ብላ በሐሰት መማሏን፣ ጥራዙን ወስዶ ዳባት ለሽያጭ ያባዛው ቴዎፍሎስ መሆኑን፣ ተከሳሽ ይኼንን ካወቀች በኋላም ሁለት ቀን ዝም ማለቷን አነበብኩላት።

የባንቻየሁ ድምፅ ቀጭን ነበር።

«ለምን?»

«ትበልጪኝ ስለነበር።»

ትጮኽብኛለች፣ ትተፋብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ አጠፈችው። «ፍርድ ቤት አሁን አይደርስልኝም። ተነሺ። ለጋሽ ማንያዘዋል ራስሽ ታነቢላቸዋለሽ።»

ጃንጥላዬን አጥፌ ተከተልኳት። መንገድ ላይ አንድም ቃል አልተነጋገርንም፤ እሷ ፊት፣ እኔ ኋላ።

ጋሽ ማንያዘዋል ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘናቸው። ወረቀቱን ቆሜ አነበብኩላቸው። ስጨርስ «እኔ ወፏን አልናገርም ብዬ ምያለሁ» አሉ።

«አንቱ አልተናገሩም፤ የተናገርኩት እኔው ነኝ» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አስመጡና ባንቻየሁ ከቦርሳዋ ያወጣችውን ያልተፈረመ ደብዳቤ ፈረሙ። «ቀበሌው ሳይዘጋ ድረሺ ልጄ፤ ነገ ማልደሽ ጎንደር ውረጂ። እኔንም ይቅር በዪኝ» አሏት። እሷ ተቀብላ ሮጠች፤ ወደ እኔ ዞር አላለችም።

ተከትያት ልሄድ ስል ጋሽ ማንያዘዋል እጃቸውን ዘረጉ።

«የፈረምኩልሽን አምጪው።»

ደብዳቤዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ላስቲኩን ፈታሁና ሰጠኋቸው።