የጓሮው ኮባ

ባለምግብ ቤቷ ወይዘሮ ፋንታነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቅዳሴ ሲወጡ ወጥ ሠሪያቸውን፣ «ሐብታሙ፣ ለነገው ማኅበር የጓሮውን ኮባ አዘጋጅልኝ» አሉት። ሐብታሙ ደስ ብሎት እሺ አለ። ሞጣ ከመጣ ጀምሮ ያገሩን ነገር ሥራ ብሎ ያዘዘው ሰው አልነበረም። እሱ ባደገበት በጉመር፣ እንግዳ የሚጠብቅ ቤት ከጓሮው አንዱን ኮባ ነቅሎ ሥሩን ይቀቅላል። ስለዚህ ዶማ ተበደረና ይቆፍር ጀመር።

ወይዘሮ ፋንታነሽ ሲመለሱ፣ ከጣሪያው በላይ ይታይ የነበረው ኮባ በጎኑ ተጋድሟል። ሐብታሙ እንስራ የሚያህለውን ሥር አቅፎ አፈሩን ያጥባል። ሴትዮዋ ጉድጓዱን አዩ፣ ኮባውን አዩ፣ ከዚያ እሱን አዩት።

«ምን በደልኩህ?» አሉ።

«እትዬ፣ ለማኅበሩ አዘጋጅ አላሉኝም?»

«ቅጠሉን ነዋ፣ ለድፎ ዳቦው። ቅጠል የፈለገ ሰው ከሥሩ ይነቅላል?»

ነገሩ ያኔ ገባው። በዚህ አገር ኮባ ዳቦ ይጋገርበታል እንጂ ራሱ አይበላም። ያ ኮባ ደግሞ የወይዘሮ ፋንታነሽ ብቻ አልነበረም። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ለገናም፣ ለተዝካርም ቅጠል የሚለምነው ከእሱ ነበር።

«ማኅበሩ በሰላም ይለፍና እንነጋገራለን» አሉና ወደ ውስጥ ገቡ። ሐብታሙ ይህችን ንግግር ከሌላ ቤት ያውቃታል፤ የስንብት መግቢያ ናት።

ሚስቱ ምሥራቅ አዋላጅ ነርስ ሆና ሞጣ ስትመደብ፣ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ የነበረውን ሥራ ትቶ ተከትሏት የመጣ ሰው ነው። እዚህ ግን ወንድ ወጥ ሠሪ የሚቀጥር ጠፋ። ምግብ ቤት ያላቸው ሁሉ እየሳቁ መለሱት፤ አንዷማ «ሚስትህ ታዋልድ፣ አንተ ገንፎውን አገንፋ» ብላ ሸኘችው። የተቀበሉት ወይዘሮ ፋንታነሽ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ቢሆኑ እስከ ፋሲካ እንየው ብለው ነው። ከዚህ ከወጣ ሌላ የሚያንኳኳው በር የለም።

ቤት ገብቶ ለምሥራቅ ቢነግራት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እሱ ሲኮሳተርባት ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ሥሩን ግን አልጣልከውም አይደል?» አለችው።

አልጣለውም። በማግስቱ ድፎው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ከተጋገረ በኋላ፣ ሥሩን ልጦና ቆራርጦ በጓሮው ምድጃ ጣደው፤ ከላይም በተረፈው ቅጠል ከደነው። ቃሪያውን ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ወቅጦ ዳጣ አዘጋጀ። ወይዘሮ ፋንታነሽ አይተው፣ ለራስህ ከሆነ ቀቅል፣ ማኅበርተኛ ፊት ግን እንዳታቀርብ አሉት።

ቅዳሴ ሲወጣ ማኅበርተኛው መጣ። መሪጌታ ይታያል ድፎውን ባርከው ቆረሱ፤ ሽሮው ቀረበ፣ ጠላው ተቀዳ። ጨዋታው ሁሉ ግን ስለ ኮባው ነበር። በመጨረሻ እማሆይ ሸዋነሽ መቋሚያቸውን ይዘው ጉድጓዱን ሊያዩ ወደ ጓሮ ወጡ። እዚያ ሐብታሙ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይበላል።

«እውነትም ትበላዋለህ?» አሉት።

«አሚቾ ይባላል፣ እማሆይ። ልቁረስልዎ?»

ቆረሰላቸው። አንዴ ቀመሱና ደግመው ቀመሱ። ከዚያ «ሳህን ሙላልኝ» ብለው ተቀብለውት ወደ ቤት ገቡ። ሐብታሙ ተከትሏቸው በሩ ሥር ቆመ።

ሳህኑ መሪጌታ ፊት ተቀመጠ። አንዱ ለጾም ይሆን እንደሆነ ጠየቀ። መሪጌታ ከአፈር የወጣ፣ ደምም ወተትም የሌለው ነገር ጾም አይሽርም ብለው ዳጣውን አስነክተው ጎረሱ። ጡረታ የወጡት መምህር በላቸው ብዙ አላምጠው፣ «ጨው የተረሳበት ድንች ነው» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ዳጣውን ብቻ በዳቦ እየጠቀሱ ጨረሱት።

እማሆይ ሸዋነሽ አንገታቸውን ነቀነቁ። «እኛ እኮ ባለቤቱን ጥለን በልብሱ ስንጠቀም ኖረናል» አሉ፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

መሪጌታ የሠራው ይምጣ አሉ። ሐብታሙ እጁን በሽርጡ እየጠረገ ገብቶ ጎንበስ አለ። መረቁትና፣ «የሚቀጥለው ተረኛ እኔ ነኝ፤ የኔን ቤት ድግስ አንተ ትሠራለህ። እዚህ ካልፈለጉህ እኛ ዘንድ ሥራ አይጠፋም» አሉት።

ወይዘሮ ፋንታነሽ ጠላ መቅዳታቸውን አቆሙ።

«ማነው አልፈልገውም ያለ? የኔታ፣ ሐብታሙ የኔ ወጥ ሠሪ ነው። ለድግስዎ ላውስዎ እችላለሁ፤ ይመልሱልኛል።»

ይህን ብለው፣ እስካሁን ያልነኩትን ሳህን ሳብ አድርገው አንዲት ቁራሽ አነሱ። ጣዕሙን አላሞገሱም። ዳጣው ትንሽ ይብዛ ብቻ አሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት ምሥራቅ ከወልቂጤና ከሆሳዕና መጥተው የተመደቡ የሥራ ባልደረቦቿን አሚቾ ልታበላ ይዛ መጣች። ሐብታሙ ከፋሲካም በኋላ እዚያው ሥራው ላይ ቀጠለ። የሞጣ ሴቶች ኮባቸውን አላስነቅል ስላሉ፣ ሥሩ ከቢቸና በአይሱዙ እየመጣ በየረቡዑና በየዓርቡ ይቀቀላል። ክረምቱ ሳይገባ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ማዶ ያለው፣ ሐብታሙን ስቆ የመለሰው ምግብ ቤትም ከአርባ ምንጭ የመጣ ዓሣ ጠባሽ ቀጠረ።