የተከረከመው ጋዜጣ

በኢንተርኔቱ ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ ስለ አክስትየዋ የተጻፈው ገጽ ሊሰረዝ አራት ቀን ቀርቶታል። ከላዩ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበታል፤ «የታመነ ምንጭ የለውም» ይላል። ገጹን የጻፈችው የእህቷ ልጅ፣ ፋርማሲስቷ፣ ይህን ስትነግራት አክስትየዋ ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና አለች።

«ምንጩ እኔ ነኛ! ይኸው እዚህ ተጎልቼ አይደል?»

«እትዬ፣ ስለ ራስሽ አንቺ ምንጭ አትሆኚም። ጋዜጣ ነው የሚፈልጉት፤ ስሙን፣ ቀኑን፣ ገጹን።»

«እኔ የኖርኩትን ጋዜጠኛ ካልመሰከረልኝ አያምኑኝም? ወይ ጉድ!»

አክስትየዋ እንዲህ በዋዛ የምትታለፍ ሰው አይደለችም። የዛሬ ሠላሳ ዓመት፣ አራት መቶ ሴት ውሎ በሚገባበት ገበያ አንድ የሴቶች መጸዳጃ ቤት ሲጠፋ፣ ሴቶቹን ባልዲ አስይዛ ሄዳ የጽዳት ኃላፊው ቢሮ ደጃፍ ላይ አስደረደረች። ባልዲው ባዶ ነበር የሚሉ አሉ። አልነበረም። በዓመቱ መጸዳጃ ቤቱ ተሠራ፤ እሷም «ባልዲ» ተብላ ቀረች።

ጋዜጣውንማ አንድ ሳይቀር አስቀምጣለች። ችግሩ ልብስ ሰፊ መሆኗ ነው፤ የተንጠለጠለ ጠርዝ አይታ ማለፍ አይሆንላትም። የብስኩት ቆርቆሮዋን ስትከፍተው ሃያ ሦስት ቁራጭ ወጣ፤ ሁሉም ዙሪያውን በመቀስ ጥንቅቅ ተደርጎ የተከረከመ፣ የጋዜጣ ስም የለው፣ ቀን የለው።

ፋርማሲስቷ ቁራጮቹን አንድ በአንድ ገለባበጠች። «ምነው እትዬ፣ ቀኑን እንኳ ብትተዪው!»

«ቀኑ ያለው በሰውዬው ፎቶ በኩል ነበር። የዚያን ኃላፊ ፊት ቤቴ አላስቀምጥም።»

ማክሰኞ ፋርማሲስቷ ቤተ መጻሕፍት ሄደች። ጣሪያው አፍስሶ የዚያን ዓመት ጋዜጣ በሙሉ አበስብሶታል። ከዚህ በኋላ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ስለ ራሱ የተጻፈውን ሳያስቀምጥ የማይቀረው፣ ጡረታ የወጣው የጽዳት ኃላፊ ራሱ። አክስትየዋ «ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልሄድም!» አለች። ረቡዕ ጠዋት ታክሲው ውስጥ ቀድማ የገባችው ግን እሷ ናት።

ሰውዬው ከቁም ሣጥኑ አንድ ወፍራም ፋይል አወጣ። ጀርባው ላይ «ነገረኛዋ ሴትዮ» ተብሎ ተጽፎበታል። ውስጡ ጋዜጣው ከነሙሉ ገጹ፣ በየተራው፣ ከነቀኑ ተቀምጧል። በግራ በኩል እሱ አለ፤ በቀኝ በኩል እሷ፣ ባልዲዋን ይዛ በሳቅ ስትፈርስ።

አክስትየዋ አፈረች፤ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«አልቆረጡኝም?» አለችው።

«ለምን እቆርጥዎታለሁ? ያሸነፉኝ እኮ እርስዎ ነዎት። እኔ ሽንፈቴንም ቢሆን በማስረጃ ነው የምይዘው።»

ሐሙስ ማታ አሥራ አንድ ምንጭ ገባና ማስጠንቀቂያው ተነሣ። አንድ ነገር ብቻ ፋርማሲስቷን ቆጠቆጣት። ከምንጮቹ በአንዱ ኃላፊው ለጋዜጠኛ «የዚህች ሴት አፏም ባልዲዋም ክዳን የለውም» ብሎ ነበር፤ ገጹ ላይ ቃል በቃል ገብቷል።

«እትዬ፣ ይቺን እንኳ ልከርክማት?»

አክስትየዋ መነጽሯን አድርጋ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«እጅሽን ሰብስቢ! ምንጩ የታመነ ነው» አለች።