የጠዋት ጥላ

መድና ባሏ ሙመድ የሞተ ጊዜ አልቅሳ ወጥቶላት ነበር። የባሏ ወንድም ተማም ከጅቡቲ የመጣ ጊዜ ግን እንባ እንኳ እምቢ አላት፤ ንዴቱ አደረቀው።

የነገሩ ሁሉ መነሻ መጋላ ሰፈር ያለው ግቢያቸው ነው። መሀሉ ላይ አንድ ትልቅ የሮቃ ዛፍ ቆሟል። ቀትር ላይ ድሬዳዋ ስትግል ሱቁ ሁሉ ይዘጋል፤ ሰውም ጫቱን ይዞ ጥላ ፍለጋ ይወጣል። ያኔ መድና ከዛፉ ሥር ሰሌን ታነጥፋለች፣ ከእንስራ ቀዝቃዛ ውሃ ትቀዳለች፣ አንድ ሳንቲም አትጠይቅም። የእሷ ድርሻ ገራባው ነው፤ ቃሚዎቹ ለስላሳውን መርጠው የሚጥሉት ጠንካራ ቅጠል። ገራባውን ፍየሎቿ ይበሉታል፣ የፍየሎቹን ወተት ሻይ ቤቶች ከእሷ ይገዛሉ። ባሏ ከሞተ ጀምሮ የማንንም ፊት ሳታይ የኖረችው በዚህ ነው።

ተማም ጅቡቲ የፈረንጅ መጋዘን ሲጠብቅ ኖሮ አንድ የግድግዳ ሰዓትና ሁለት ትምህርት ይዞ በባቡር መጣ። አንደኛው ትምህርት ቀን የሚያርፍ ሰው አያልፍለትም የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ወሬ የሚያስረዝም ሰው ቁም ነገር የለውም የሚል ነው። እናም ሰው አፉን በከፈተ ቁጥር እጁን አንስቶ «በአጭሩ» ይላል። በመጋላ! ሰው የጤናህን፣ የልጆችህን፣ የግመልህን ሳይጠይቅ ወደ ጉዳዩ በማይገባበት ሰፈር! ሐጂ አብዲቃድርን የሚያህል ሽማግሌ ሰላምታቸውን ገና ሳይጨርሱ «በአጭሩ» ብሏቸዋል።

ግቢውንም የሚረግጠው ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር። ከሰዓት በኋላ አገሩ ሁሉ ሲያርፍ እሱ ጣቢያው አጠገብ በተከራየው መጋዘን ተዘግቶ ጆንያ ያገላብጣል፣ በዚህም ይኮራል።

አንድ ጠዋት መጥቶ መድናን የዋህ ነሽ አላት። በነፃ የሚሰጥ ነጋዴ የትም አላየሁም፤ ጥላው ወንበር ገብቶለት በክፍያ መሆን አለበት፤ ገራባውንም ለከብት አርቢዎች እሸጠዋለሁ አለ። ግማሹ ግቢ የወንድሙ ውርስ ነውና መብት ነበረው። መድና ወደ ፍየሎቿ ዞር ብላ አየች፣ ደሟ ፈላ። ወንድሙ በታመመ ጊዜ አንዲት ደብዳቤ እንኳ ያልላከ ሰው፣ ጥላ ለመሸጥ ሲሆን ባቡር ተሳፍሮ ይመጣል?

ግቢውን የሚያካፍሉ ሽማግሌዎች ተጠሩ። ተማም የከሰዓት በኋላ ጊዜዬን አላባክንም ስላለ የመጡት በጠዋት ነው። አንዱ ሐጂ አብዲቃድር ነበሩ፣ ሌላው ጎረቤቷ የባቡር ሠራተኛው አቶ ክፍሉ። ሁለቱም ከዚያ ዛፍ ሥር ጠፍተው የማያውቁ ናቸው።

የጠዋቱ ጥላ በስተምዕራብ፣ በትልቁ በር በኩል ተዘርግቶ ነበር። ተማም ጥላው ውስጥ ገብቶ ቆመና ከግንዱ ጀምሮ በጫማው መስመር አሰመረ። ይኼኛው ወገን የእኔ፣ ያኛው የእሷ አለ። ያኛው ወገን ፀሐይ ብቻ ነበር።

መድና ተናዳለች፤ ቢሆንም የሟች ወንድም ነውና ዝም ልትል አልቻለችም።

«ተማም፣ ጥላው እኮ...»

«በአጭሩ።»

«በአጭሩ ነው፤ ይሄ ጥላ...»

«ትስማሚያለሽ ወይስ አትስማሚም?»

ሐጂ መቁጠሪያቸውን አተኩረው ያዩ ጀመር። አቶ ክፍሉ ወደ ሰማይ አንጋጠጡ።

«እሺ፣ እስማማለሁ» አለች መድና።

ተማም በመስመሩ ላይ የሸምበቆ አጥር አጠረ፣ በወገኑ አግዳሚ ወንበር ደረደረ፣ ሰዓቱን በሩ ላይ ሰቀለ። መድናም በጓሮ በኩል በር ከፍታ ሰሌኗን እንደ ወትሮዋ አነጠፈች። የመክፈቻው ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ ሰው ለማየት ጎረፈ፣ ከፍሎም ተቀመጠ። ተማም መጋዘኑን ትቶ የዋለበት የመጀመሪያው ከሰዓት ነበር። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ስትል ጥላው ከወንበሮቹ ላይ እየተንሸራተተ ሄዶ ሄዶ ከአጥሩ ማዶ የመድና ሰሌን ላይ አረፈ። ደንበኞቹ ላባቸውን እየጠረጉ ጫታቸውን ብድግ እያደረጉ በጓሮው በር ዞረው ገቡ። ቀድመው የገቡት ሐጂ ናቸው።

ተማም ፀሐይ ላይ ቆሞ በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

መድና ተነስታ ወደ አጥሩ ቀረበች። ድምጿን ግን አልጨመረችም።

«ልነግርህ ሁለቴ ጀመርኩ። አሁንም እነግርሃለሁ፤ ግን በረጅሙ ነው። እንዴት ዋልክ ተማም? ጤናህ እንዴት ነው? ጅቡቲ ያሉት ልጆችህ ደህና ናቸው? ከመጣህ ጀምሮ የወንድምህን መቃብር አንድ ቀን ሄደህ አየኸው?»

ሰሌኑ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ማኘኩን አቆመ። በሩ ላይ የተሰቀለው ሰዓት ብቻ ይሰማ ነበር።

«ቆሜ እጠብቃለሁ» አለች መድና።

በዚህ ጊዜ ግን ተማም «በአጭሩ» ለማለት እጁን አላነሳም።