የተበላው ኡራል

በያጁ ባንተአምላክ፣ ኡራል የሚሉት የጭነት መኪና ጋራዡ በር ላይ ሲቆም፣ ዓይኑ የሄደው ብረቱ ላይ አልነበረም፤ ከጋቢናው በወረደው ሰው ላይ ነበር። ገነነ! ሐርጌሳ ሰፊ ከተማ ነች ይላሉ። ለሐበሻ ግን እንደ አንድ ግቢ ናት፤ ላየው አልፈልግም ያልከው ሰው ዞሮ ዞሮ ደጅህ ላይ ይገተራል።

ነገሩ የቆየ ነው። ባንተአምላክ የገነነን እህት አምለሰትን ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ ነበር። አምለሰት 26 ጁን በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ ረጋ ያለች ሴት ናት፤ እሷም አልጠላችውም። ገነነ ግን ሽማግሌዎቹ በቅጡ ሳይቀመጡ፣ "አባቱ ማጭድ ሲቀጠቅጥ የኖረ ነው። እህቴን ጅብ ለሚጋልብ ቡዳ አልሰጥም!" ብሎ መለሳቸው። ሽማግሌ የተባሉትም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ሐበሾቹ ሲበሉ ባንተአምላክ ከገባ ሳህን ይከደናል፤ ሕፃን ያቀፈች ሴት የልጇን ፊት በነጠላ ትሸፍናለች። አገር ቤት ትቼው መጣሁ ያለው ስም፣ በአንድ ሰው አፍ ድንበር ተሻግሮ ደረሰበት።

ኡራሉ የዓብዲፈታሕ ነው፤ ጋአን ሊባህ በሚባለው የከተማው ሰፈር የሚነግድ ሶማሌ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ቶግ የሚሉት ደረቅ ወንዝ እየሞላ መኪኖቹን ማዶ ላይ ሲያስቀርበት ጊዜ መረረውና፣ ከጦር ሠራዊት የወጣ አሮጌ ኡራል ገዛ። ውሃ የሚሻገር እንዲሆን ለብየዳው ባንተአምላክን፣ ለመንዳቱ ገነነን ያዘ።

"ሌላ በያጅ ጠፍቶ ነው?" አለ ገነነ።

"ከሱ የተሻለ ካለህ አምጣ" አለው ዓብዲፈታሕ። "አንተ ብቻ ቶጉን አሻግርልኝ፤ ካሻገርከው መኪናው በእጅህ ነው፣ የሾፌሮቼም አለቃ ትሆናለህ። ካልሆነ ግን መንገድህን ታውቀዋለህ።"

ባንተአምላክ ይህን በጆሮው ሰማ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ገነነ ከዚያ ጋቢና ተዋርዶ ሲወርድ ማየት።

ሥራውን ጀመረ። የአየር መሳቢያውን ቱቦ ከጋቢናው ጣሪያ በላይ አወጣው፤ የጭስ ማውጫውን ማርሚታም ወደ ሰማይ አቆመው። የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃ ይስባልና፣ መተንፈሻዎቹን በረጅም ጎማ እየቀጠለ ኮፈኑ ሥር አሰራቸው። የኤሌክትሪክ ገመዱን መጋጠሚያ ሁሉ በግሪስ ደፈነ። ከፊት ወፍራም ብረት በይዶ፣ የተያዘ መኪና በገመድ ስቦ የሚያወጣ ዊንች ሰቀለበት።

ገነነ በዚህ ሁሉ መሀል ምሳውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይበላል።

"ምነው ገነነ፣ ግድግዳውን ታጎርሰዋለህ እንዴ?" ይለዋል ባንተአምላክ፣ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ።

"ብረትህን እይ አንተ! ዓይንህን ከኔ ላይ አንሳ!"

"ብረቱን ሳየውስ አትፈራም? የምትሳፈረው እኮ እሱ ላይ ነው።"

ገነነ ያነሳውን ጉርሻ መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠው። ባንተአምላክ ይህችን ልብ አላት።

ከዚያ በፊትማ አንዱን መተንፈሻ ሳያጠብቅ ሊተወው አስቦ ነበር። እጁ ማሰሪያው ላይ ብዙ ቆየ። ኋላ ግን ቱቦው ተፈትቶ ቢገኝ ገነነ ነፃ ሊወጣ፣ "በያጁ አበላሸው" ሊባል ነው። ስለዚህ አጠበቀው። ለራሱ አባት መኪና ቢሆን እንኳ እንዲያ አይጠነቀቅም። ገነነ የሚወድቅ ከሆነ በገዛ ፍርሃቱ ይውደቅ።

ጉ የሚሉት የበልግ ዝናብ ከተራራው ላይ ጥሎ ቶጉ ወተት የበዛበት ሻይ መስሎ ሲወርድ፣ ዓብዲፈታሕ ሰዎቹን ሰብስቦ ወጣ። ወዲህም ወዲያም ማዶ ሰው ተኮልኩሏል። ዓብዲፈታሕ ኮፈኑን እየደባበሰ "ማሻአላህ፣ ማሻአላህ" ይላል። ገነነ መሪው ላይ ተቀምጦ አማተበ። ያን ጊዜ ባንተአምላክ ወደ መስኮቱ ቀረበ። ኡራሉን ከጎማው እስከ ጣሪያው፣ ከዚያ ገነነን ከፀጉሩ እስከ አገጩ ቀስ ብሎ አየ።

"አቤት ማማሩ!" አለ፣ በአማርኛም በሶማሊኛም። "እንዲህ ያለ መኪና፣ እንዲህ ያለ ሾፌር በዓይኔ አይቼ አላውቅም!"

"ማሻአላህ በል እንጂ፣ ሰውዬ!" አለው ዓብዲፈታሕ ደንግጦ።

አላለም። "ከዓይን ያውጣህ"ም አላለም፤ እንትፍ እንትፍም አላለም። ዝም ብሎ ማየቱን ቀጠለ።

"ሂድ ከፊቴ!" አለ ገነነ፣ ድምፁ ተሰንጥቆ።

"አማረ ማለትም ተከለከለ?"

ኡራሉ ገባ። ውሃው ፓራውልቱን ዋጠ፣ ኮፈኑ ላይ ወጣ፤ ሞተሩ ግን ጣሪያው ላይ እየተነፈሰ እንደ በሬ ይጎትታል። መሀል ሲደርስ ጎርፍ ያመጣው ድንጋይ ሻንሲውን "ድው!" አደረገው። ሌላ ምንም አልሆነም። ገነነ ግን ዞር ብሎ ዳሩን ተመለከተ። ባንተአምላክ እጆቹን አጣምሮ እያየው ነው።

ውሃ መሀል እግር ከነዳጅ ላይ እንደማይነሳ፣ ማርሽ እንደማይነካ ገነነ ከማንም በላይ ያውቃል። በዚያች ሰዓት ግን እግሩ አልታዘዘውም። ፍሪሲዮን ረገጠ፤ የኋላ ማርሽ ፈለገ። ኡራሉ ቆመ፣ ጎማዎቹ አሸዋው ውስጥ ሰመጡ፣ ሞተሩ ጠፋ።

ገነነ በመስኮት ወጥቶ ጣሪያው ላይ ተንጠላጠለ። ካናቴራውን አውልቆ እያውለበለበ፣ "በላኝ! ያ ቡዳ በላኝ! መኪናውንም በላው!" እያለ በአማርኛ ይጮሃል።

"ምንድን ነው የሚለው?" አለ ዓብዲፈታሕ።

"ፈራሁ ነው የሚለው" አለ ባንተአምላክ በሶማሊኛ። "ፈርቼ አቆምኩት ይላል።"

"ፈራ? ይህን ውሃ?" ዓብዲፈታሕ ምራቁን መሬት ላይ ጣለ።

ባንተአምላክ ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ የገመዱን ጫፍ ሰዎች ይዘውለት ገባ። እየቀረበ ሲመጣ ገነነ ከሱ ጋር አንድ ጣሪያ ላይ ከመቀመጥ ውሃውን መረጠ፤ ካናቴራውን ጥሎ ዘለለ፣ ያንኑ ገመድ ሙጭጭ ብሎ እየተንከባለለ ዳር ወጣ። ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀበት። ባንተአምላክ የዊንቹን ገመድ ለማዶዎቹ ወረወረላቸው፣ ግራር ላይ አሰሩለት፤ ሞተሩን አስነሥቶ ኡራሉን እየጎተተ ማዶ አወጣው።

"ቁልፉ አንተው ጋ ይሁን" አለው ዓብዲፈታሕ።

ገነነ ታመመ። ቆፈኑ ነው፣ ድንጋጤው ነው፤ እሱ ግን ተበልቻለሁ ብሎ እህል አልቀምስ አለ። በመጨረሻ አምለሰት ራሷ ጋራዡ ድረስ መጣች።

"ባንተአምላክ፣ ስለ እመቤቴ" አለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። "ከለበስከው ጨርቅ ቁራጭ ስጠኝ። ይታጠንበት።"

"አንቺም ታምኚዋለሽ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ወንድሜ ነው።"

ከሽማግሌዎቹ ሳቅ ይልቅ ይህች አንጀቱን ቆረጠችው። ቢሆንም "ቆይ" ብሏት ከኡራሉ ኋላ ዞረ። ገነነ ጣሪያው ላይ ጥሎት የሄደውን ካናቴራ አወጣ፣ ከጫፉ ቀደደ፣ ቁራጩን በግሪስ አሽቶ ሰጣት።

"አደራ፣ ጭሱን በደንብ ይሳበው።"

ገነነ በገዛ ላቡ ታጠነ። በማግስቱ ተነሥቶ በላ። አሁን በየሐበሻው ቤት "የቡዳው ጨርቅ አዳነው" ብሎ የሚያወራው እሱ ራሱ ነው፤ ባንተአምላክም ያውራ፣ ይበልጥ ያውራ፣ ይሉኝታ የሌለው አፉ ይጠርቃ ብሎ ዝም አለው።

በፋሲካ ሐበሾቹ ሁሉ አንድ ግቢ ይሰበሰባሉ፤ ያኔ ገነነ ሥጋ ጎርሶ ስለ ጨርቁ ሲያወራ፣ ባንተአምላክ በኡራሉ በር ላይ ይደርሳል፤ የታጠነበት ጨርቅ ከማን ካናቴራ እንደተቀደደ በሰው ሁሉ ፊት ያሳየዋል። የተቀደደው ካናቴራ እስከዚያው ከሾፌሩ ወንበር ሥር ተቀምጧል። አላጠበውም።